ከውጊያው በፊት የታወጀ ድል

ስሙኝማ፤ የምነግራችሁ መንግሥት ጓዙን ጠቅልሎ ስለ ዘመተበት ዘመን ነው።

በ1974 ዓ.ም. በጥር ወር የኢትዮጵያ መንግሥት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አስመራ ገባ። መንግሥት ስላችሁ ለአፌ ያህል እንዳይመስላችሁ። ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለማርያም መጡ። የደርግ ባለሥልጣናት መጡ። ሚኒስትሮች ቦርሳቸውን፣ ጄኔራሎች ካርታቸውን ይዘው መጡ። ከኋላቸው ጸሐፊው፣ ካድሬው፣ ጋዜጠኛው፣ የኪነት ጓዱ ተከተለ። ዋና ከተማው ለጥቂት ወራት ወደ ሰሜን የተዛወረ መሰለ። አስመራም በጣሊያን ዘመን ሕንፃዎቿ ላይ ቀይ ጨርቅ ለበሰች፤ መፈክሩ ተሰቀለ፤ ሬድዮው ከጧት እስከ ማታ ስለ አንድ ነገር አወራ።

የዚያ ነገር ስሙ ረጅም ነው፤ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ። ጦሩ የኤርትራን ነጻነት የሚሻውን፣ ሳሕል ተራራ ላይ የመሸገውን ሻዕቢያን ሊደመስስ፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ደግሞ በጦርነት የደቀቀውን ፋብሪካ፣ መንገድና እርሻ ሊያነሡ። አንዱ እጅ ይመታል፣ ሌላው እጅ ይጠግናል ተባለ። የኤርትራ ጉዳይ ለመጨረሻ ጊዜ እልባት ያገኛል ተባለ። ለመጨረሻ ጊዜ! ይህቺን ቃል ያዙልኝ፤ ብዙ ደም ያፈሰሰችው እሷ ናት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላል ያገሬ ሰው። እኔም ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ኤርትራ ውስጥ ጥይት መጮኽ የጀመረው በጃንሆይ ዘመን ነው። በ1953 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ለኤርትራ ነጻነት የተነሣው ጀብሃ ጫካ ገባ። ከዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1955፣ ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረው ፌዴሬሽን ፈረሰና ለእሳቱ ሌላ እንጨት ተጨመረለት። ቆይቶ ከጀብሃ ሆድ ሻዕቢያ ወጣ፤ ሁለቱም ከመንግሥት ጋር፣ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ተታኮሱ። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ በሰላም ያልቃል ብሎ ተስፋ ያደረገ ሰው ነበር። አልሆነም። በመጋቢት 1969 ሻዕቢያ ለወራት የከበባትን ናቅፋን ያዘ። በዓመቱ ከአስመራ፣ ከምፅዋ፣ ከአሰብና ከባረንቱ በቀር በመንግሥት እጅ የቀረ ከተማ በጣት የሚቆጠር ሆነ። ያን ጊዜ ጦሩ ወዴት ነበር? ምሥራቅ ነበር፤ ከሶማሊያው መሪ ከዚያድ ባሬ ሠራዊት ጋር ኦጋዴን ላይ ተናንቆ።

ካራማራ ላይ ያ ሠራዊት ተሰበረ፤ የካቲት 1970 ጅጅጋ ተመለሰች። ድል የቀመሰ ጦር ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ። ታንኩ፣ መድፉ፣ ከሶቭየት ኅብረት የመጣው ሚግ፣ ሁሉም ወደ ኤርትራ ጎረፈ። ጀብሃ ሜዳ ላይ ገጠመና ተሰባበረ። ሻዕቢያ ግን ሌላ መላ መታ። እየተዋጋ ወደ ኋላ ሸሸ፤ በኅዳር 1971 ከረንን ለቀቀ፤ ንብረቱን፣ ቁስለኛውን፣ መሣሪያውን እየጫነ ወደ ሳሕል ወጣ። አስመራ ላይ እልል ተባለ። ከረን ተያዘች፣ መንገዱ ተከፈተ፣ ወንበዴው አለቀለት ተባለ። ተራራው ላይ የወጡት ግን አላለቁም። ይቆፍሩ ነበር።

እንግዲህ ናቅፋን በዐይነ ልቦናችሁ ተመልከቷት። ከአስመራ ወደ ሰሜን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከረንን አልፋችሁ፣ መስሓሊት የሚባለውን የተራራ በር ወርዳችሁ፣ አፍአበት ሜዳ ላይ ደርሳችሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሽቅብ ነው። ጠጠር፣ ገደል፣ ደረቅ ሸለቆ፣ እሾህ። ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ፣ ምንጭ የለ። ቀን ድንጋዩ ይፋጃል፤ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከተማይቱ ራሷ ትንሽ ነበረች፤ ቦምብና መድፍ ሲወርድባት ኖሮ በመጨረሻ ቆሞ የሚታይ ነገር የመስጊዷ ሕንፃ ብቻ ሆነ። ነገር ግን ዙሪያዋን ያሉት ተራሮች፣ ደንደንና ጎረቤቶቹ፣ የአንድ ንቅናቄ ቤት ሆኑ።

ቤት ያልሁት እውነቴን ነው። ምሽጉ በብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ተዘረጋ፤ በእጅ፣ በዶማና በድማሚት ተቆፈረ፤ በድንጋይና በግንድ ተከደነ። ከግንባሩ ኋላ ኦሮታ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ሆስፒታል ነበር፤ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። የመኪናና የመሣሪያ ጥገና ነበር። ማተሚያ ቤት ነበር። ለልጆች ትምህርት ቤት ነበር። ቀን ቀን ሁሉም ከአውሮፕላን ዐይን ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽ ከሱዳን ድንበር የተነሡ የጭነት መኪናዎች መብራታቸውን አጥፍተው ያዘግማሉ። ወንድና ሴት ተጋዳላይ በአንድ ምሽግ ይዋጋል። የሻዕቢያ ዋና ጸሐፊ ሮሞዳን መሐመድ ኑር ነበሩ፤ ምክትላቸው ኢሳይያስ አፈወርቂ። በ1973 ዓ.ም. ክረምት ሻዕቢያ በትግራዩ ሕወሓት እየታገዘ ጀብሃን ወደ ሱዳን አባረረና ሜዳውን ብቻውን ያዘ። መንግሥትም በተራው፣ "አሁን የቀረን አንድ ጠላት ነው፤ እሱም አንድ ቦታ ተከማችቷል" ብሎ አሰበ።

አስተሳሰቡ እንዲያው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በ1973 ዓ.ም. ምሥራቅ ላይ ላሽ የተባለ ዘመቻ ተካሂዶ ኦጋዴን ውስጥ የቀረውን የሶማሌ ታጣቂ ጠራርጎ አስወጥቶ ነበር። ያ ዘመቻ ተሳካ። የተሳካለት አዛዥ ደግሞ ያንኑ መንገድ መድገም ይወዳል። ግን ወዳጆቼ፣ ኦጋዴን ሜዳ ነው፤ ሳሕል ተራራ ነው። ኦጋዴን ላይ ጠላት የሚሸሸግበት ቁጥቋጦ ነው፤ ሳሕል ላይ የሚሸሸግበት የምድር ሆድ ነው።

ዝግጅቱስ? ዝግጅቱ ከባድ ነበር፤ ማንም አይክድም። ለተራራ ውጊያ የተባሉ ክፍለ ጦሮች ተቋቁመው ሠለጠኑ። ከየክፍለ ሀገሩ ሚሊሺያ መጣ፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ፣ ከሲዳሞ፣ ማረሻውን ሰቅሎ የመጣ ገበሬ። ብዙው ተራራ ያውቃል፤ የምሽግ ተራራ ግን አያውቅም። በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሠራዊት ሰሜን ላይ ተሰበሰበ። ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ዕዞቹን አሰለፈ፤ ናደው፣ ውቃው፣ መብረቅ።

ዕቅዱ በካርታ ላይ ያምር ነበር። ናደው ዕዝ ከደቡብ፣ ከአፍአበት በኩል ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ናቅፋ ይገፋል። ውቃው ዕዝ ከሰሜን ምሥራቅ፣ በቀይ ባሕር ጠረፍ በኩል ከአልጌና ተነሥቶ ተራራውን ሰብሮ ይገባል። መብረቅ ዕዝ ከምዕራብ፣ ከባርካ በኩል ዞሮ የሱዳኑን መንገድ ይዘጋል። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። ሻዕቢያ መሐል ይገባል፤ መውጫ ያጣል፤ ያልቃል። በዚህ ካርታ ላይ የጎደለ አንድ ነገር ቢኖር የሻዕቢያ ሐሳብ ነበር።

ታዲያ ጦሩ ገና ሳይነቃነቅ አስመራ ላይ ሊቀመንበሩ ንግግር አደረጉ፤ ሬድዮው አስተጋባው፤ ኪነቱ ዘፈነው። ለሠርጉ ቀን ሳይቆረጥ ጠላ የጠመቀ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነበር። መቼ እንደሚጀመር ጠላትም ወዳጅም ጠበቀ። ሻዕቢያ ምሽጉን አጠናከረ፤ ስንቁን አከማቸ፤ የሕወሓት ብርጌዶችም ከትግራይ ተነሥተው አጠገቡ ተሰለፉ። ድንገተኛነት የሚባለው የጦር ሀብት አስመራ አደባባይ ላይ በነጻ ታደለ።

የካቲት ገባ። የውጊያው ማዕበል ተነሣ።

በመጀመሪያ መድፍ። ተራራው ጭስ ለበሰ። ቢ ኤም የሚባለው ሮኬት እንደ ዶፍ ወረደ፤ ሚግ እያፏጨ መጣ፤ ቦምቡን ጥሎ ሄደ። ከዚያ እግረኛው። ስሙኝ፤ የሳሕልን ውጊያ የሚያሸንፍም የሚሸነፍም እግረኛ ነው። ታንክ እዚያ ምን ይሠራል? ሸለቆ ለሸለቆ ይሄዳል፣ ዳገቱ ሥር ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሰው ጉልበት ነው። ወታደሩ ጠመንጃውን፣ ጥይቱን፣ ኮቾሮውን፣ የውኃ ኮዳውን ተሸክሞ በአራት እግሩ ይወጣል። ከላይ መትረየስ ይጠብቀዋል። አንደኛው ሻምበል ሲረግፍ ሁለተኛው በላዩ ያልፋል። ገዢ መሬት የሚባለው ኮረብታ ጧት በመንግሥት እጅ ይገባል፣ ማታ በመልሶ ማጥቃት ይነጠቃል፣ በማግስቱ እንደገና ይያዛል። ካርታ ላይ ስም የሌለው፣ በከፍታው ቁጥር ብቻ የሚጠራ ጉብታ ሺህ እናት አስለቀሰ።

ውኃስ? ውኃ ከጥይት እኩል ነበረች። ከኋላ ቦቴ እስከ ዳገቱ ግርጌ ያመጣታል፤ ከዚያ በጀሪካን፣ በበቅሎ፣ በትከሻ ትወጣለች። ቁስለኛ በዚያው መንገድ ይወርዳል። ውኃ የሚያወጣውና ቁስለኛ የሚያወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። የቆሰለው ወታደር የመጀመሪያ ጥያቄ "ውኃ" ነው።

ከምሽጉ ወዲያ ያለውም ሰው ነበር፤ ይህንን ሳልናገር ባልፍ ትረካዬ ጎዶሎ ነው። ከደጋው ከከበሳ መንደር የመጣች ልጅ፣ ከባርካ የመጣ እረኛ፣ ከአስመራ ትምህርት ቤት ጥሎ የወጣ ተማሪ። እነሱም በጥማት ነደዱ፤ እነሱም በሚግና በመድፍ ተቆራረጡ፤ እነሱም ጓደኛቸውን በድንጋይ ክምር ሥር ቀበሩ። በዚያ ዘመቻ ሻዕቢያም በሺዎች የሚቆጠር ተዋጊ ገበረ። አንዳንድ ቀን ምሽጉ ሊበጠስ ትንሽ ነበር የቀረው። ናደው ዕዝ ወደ ናቅፋ ቀረበ፤ በጣም ቀረበ። ቀረበ እንጂ አልገባም።

ለምን አልገባም? እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አድምጡኝ፤ የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ነው።

አንደኛ፣ ሦስቱ ዕዞች በአንድ ጊዜ አልደረሱም። አንዱ ሲገፋ ሌላው ቆሟል፤ ሌላው ሲነሣ የመጀመሪያው ደክሟል። ሻዕቢያ መሐል ላይ ስለሆነ መንገዱ አጭር ነው፤ ዛሬ ናቅፋ ግንባር የተዋጋውን ብርጌድ በሌሊት አንሥቶ ነገ አልጌና ላይ ያሰልፈዋል። የከበበው ጦር ግን ከአንዱ ግንባር ወደ ሌላው ለመዛወር ተራራውን መዞር አለበት። ክበቡ ለተከበበው ጠቀመ። የምዕራቡም በር አልተዘጋም፤ ከሱዳን ስንቁ መግባቱን ቀጠለ።

ሁለተኛ፣ ጦሩ ሦስት ራስ ነበረው። አዛዥ አለ፤ የፖለቲካ ኮሚሳር አለ፤ ኢንስፔክተር አለ። ሦስቱም ወደ ላይ የሚዘግቡት በየራሳቸው መስመር ነው። አዛዡ "ወገን ተዳክሟል፣ መልሰን እናደራጅ" ቢል፣ ኮሚሳሩ "የአብዮታዊ ስሜት ጉድለት ነው" ብሎ ይጽፋል፤ ኢንስፔክተሩ ደግሞ ሁለቱንም ይጽፋቸዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ሊቀመንበሩ አሉ፤ ከአስመራ ሆነው ስለ ክፍለ ጦርና ስለ ብርጌድ ሳይቀር ያዝዛሉ። ዳገቱን ያየው ሰው የማዘዝ ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣን ያለው ሰው ዳገቱን አላየውም። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ከላሽ እስከ ቀይ ኮከብ ያለውን ጊዜ በመረመሩበት ጥናት ይህንን የአመራር ቀውስ ከውድቀቱ ዐቢይ ምክንያቶች አንዱ አድርገው አይተውታል።

ሦስተኛውን እኔ ልናገር። ድሉ አስቀድሞ ታውጆ ነበር። የታወጀ ድል መመለሻ የለውም። ከአስመራ አደባባይ ላይ "ለመጨረሻ ጊዜ" ያለ መንግሥት "ለጊዜው አልቻልንም" ለማለት አፍ የለውም። ስለዚህ አንድ ጥቃት ሲከሽፍ ሁለተኛ ታዘዘ፤ ሁለተኛው ሲከሽፍ ሦስተኛ። ዳገቱ ያው፣ ምሽጉ ያው፣ ወታደሩ ግን አዲስ፤ የቀድሞው አልቋልና። ተስፋ የሚያስቆርጥ ዜና ይዞ አስመራ የሚገባ መኮንን ከጠላት ይልቅ ወገኑን ፈራ። የፈራ ሰው ያማረ ዘገባ ይጽፋል። ባማረው ዘገባ ላይ ተመሥርቶ የሚቀጥለው ትእዛዝ ይወጣል።

ክረምት ሲቃረብ ዘመቻው በራሱ ጊዜ በረደ። ቆመ ያለ የለም። ሬድዮው ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ፤ ሚኒስትሮቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ቀዩ ጨርቅ ፀሐይ በላው። ከመንግሥት ወገን ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞቶና ቆስሎ ነበር። ቁጥሩ በአደባባይ አልተነገረም። ለገጠሯ እናት መርዶ አልመጣላትም። ልጇ ዘምቷል፤ አለቀ። ናቅፋም በሻዕቢያ እጅ ነበረች።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ።

በዓሉ ግርማ ይባላል። የኢሉባቦር ልጅ። ጋዜጠኛ፣ የአዲስ ዘመን አዘጋጅ የነበረ፣ በኋላ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ከፍተኛ ሹም የሆነ፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ልቦለድ ጸሐፊ። "ከአድማስ ባሻገር" የሱ ነው። በ1972 ዓ.ም. "የቀይ ኮከብ ጥሪ" የሚል ልቦለድ አሳትሞ ነበር፤ ዘመቻው ከመታወጁ በፊት መሆኑ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያ ኮከብ ደራሲውን ራሱን ጠራው። የዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ውስጥ ገባና አስመራ ወረደ። መፈክሩ ሲጻፍ እዚያ ነበር። ስብሰባው ሲካሄድ እዚያ ነበር። ጄኔራሉ ሲቆጣ፣ ካድሬው ሲፎክር፣ ወታደሩ ተጭኖ ሲሄድና ቁስለኛው ተጭኖ ሲመለስ አየ።

ሥራው ድልን መጻፍ ነበር። ያየውን ጻፈ።

በ1975 ዓ.ም. "ኦሮማይ" ታትሞ ወጣ። ባለታሪኩ ፀጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ ነው፤ ለዘመቻው አስመራ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ እጮኛ እያለችው አስመራ ላይ ፊያሜታ ከምትባል ልጅ ጋር በፍቅር ይወድቃል፤ በመጨረሻም ናቅፋ ተራራ ሥር ጦርነቱን በዐይኑ ያያል። ስሙ ልቦለድ ነው፤ ባለሥልጣኖቹ ግን ራሳቸውን አዩበት፤ አንባቢውም አወቃቸው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። መጽሐፉን በእጁ ያስቀረ ሰው ግን እየደበቀ አነበበው፣ እየደበቀ አዋሰው። ሬድዮው ዝም ያለውን ውድቀት የኢትዮጵያ ሕዝብ ያነበበው በልቦለድ ነው።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በዓሉ ግርማ ከቤቱ ወጣ። አልተመለሰም። መኪናው ቃሊቲ አካባቢ መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ የት እንደ ወደቀ ለቤተሰቡ የነገረ የለም፤ መቃብር የለውም። ጦሩ ናቅፋ ላይ ተሸነፈ ብሎ የጻፈ ሰው ጠፋ። ጦሩን ናቅፋ ላይ ያሸነፉት ስህተቶች ግን ሳይነኩ በየቦታቸው ቀሩ።

ውጤቱን ስሙ።

"ኦሮማይ" በታተመበት በ1975 ዓ.ም. ሌላ ማጥቃት ተሞከረ፤ ያለ ከበሮ፣ ያለ ንግግር። እሱም ናቅፋን አላስያዘም። በመጋቢት 1976፣ በዓሉ በጠፋ በወሩ ገደማ፣ ሻዕቢያ ከምሽጉ ወጥቶ አልጌና ላይ ውቃው ዕዝን ሰበረው፤ እስከ ቀይ ባሕር ጠረፍም ወረደ። በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሕረ ነጋሽ የተባለ ትልቅ ዘመቻ ወደ ናቅፋ ተነሣ፤ እንደገና ዳገቱ፣ እንደገና ምሽጉ፣ እንደገና የማይቆጠር ሬሳ። በብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከየመንደሩ፣ ከየገበያው፣ ከየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ልጅ ታፈሰ። አፍአበትና ናቅፋ መካከል ናደው ዕዝ ምሽግ ይዞ ተቀመጠ። ዓመታት ተቀመጠ። ወታደሩ እዚያ ጎፈረ፣ እዚያ ሸበተ።

በ1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ነበሩ፤ ወታደሩ የሚወዳቸው ተዋጊ መኮንን። በታኅሣሥ ወር ሻዕቢያ ናደውን አጥቅቶ አቆሰለው። መንግሥቱ ኃይለማርያም አስመራ መጡ። እንዴት ሆነ ብሎ መመርመር ሲገባ ጥፋተኛ ተፈለገ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነና በየካቲት 1980 ጄኔራል ታሪኩ ተረሸኑ። ጦሩ አዛዡን ያጣው በገዛ ወገኑ ጥይት ነው። በየምሽጉ ያለው ወታደር ምን አለ? ምንም አላለም። ዝም አለ። ዝም ያለ ጦር ደግሞ ግማሹ ሄዷል።

አንድ ወር ገደማ አለፈ። መጋቢት 8 ቀን 1980 ዓ.ም. ንጋት ላይ ሻዕቢያ በሦስት አቅጣጫ ተነሣ። አስተዋላችሁ? ሦስት አቅጣጫ! በቀይ ኮከብ ጊዜ መንግሥት ካርታ ላይ የሣለውን ክበብ ሻዕቢያ መሬት ላይ ሠራው። ወደ አፍአበት ያፈገፍግ የነበረ የታንክና የከባድ መኪና ሰልፍ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ገባ። ከፊት ያሉት ታንኮች ተመቱና መንገዱ ተዘጋ። ከኋላ ያለው መዞር አልቻለም፤ ከጎን ገደል፣ ከላይ ጥይት። መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይገባ ተብሎ የራሳችን አውሮፕላኖች መጡና የራሳችንን ሰልፍ በቦምብ መቱት። ታንኩ ሲነድ ሰውም ነበረበት። መጋቢት 10 ቀን አፍአበት ወደቀች። በሦስት ቀን ከመንግሥት ጦር ሁሉ ይበልጥ የተመሸገው ዕዝ ፈረሰ። የሶቭየት የጦር አማካሪዎች ሳይቀሩ ተማረኩ። እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ባዝል ዴቪድሰን ፈረንሳዮች ቬትናም ውስጥ ዲየን ቢየን ፉ ላይ ከደረሰባቸው ሽንፈት ጋር አነጻጸረው።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው፤ ፈጠን ብዬ ልውረደው። በግንቦት 1981 ጄኔራሎቹ መንፈቅለ መንግሥት ሞከሩና ከሸፈ፤ አገሪቱ በብዙ ልፋት ያሠለጠነቻቸው የጦር መሪዎች አዲስ አበባና አስመራ ላይ አለቁ። በየካቲት 1982 ምፅዋ ወደቀች። ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥለው ሄዱ። ግንቦት 16 ሻዕቢያ አስመራ ገባ፤ ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ አገር ሆነች፤ በ1990 ዓ.ም. የራሷን ገንዘብ ስታወጣ ስሙን ናቅፋ አለችው። ያ ሁሉ ወጣት ሊይዘው ሞቶ ያልያዘው ስፍራ ዛሬ የሌላ አገር ገንዘብ ሆኖ በኪስ ይገባል።

ታዲያ ፍርዱ ምንድን ነው ትሉኝ እንደ ሆነ፣ እነሆ።

ወታደሩ ሰነፈ የሚል ቢኖር ውሸቱን ነው። ያንን ዳገት ደጋግሞ የወጣ ሰው ሰነፍ ሊባል አይችልም። መሣሪያ አነሰ የሚልም ውሸቱን ነው፤ ታንኩም አውሮፕላኑም መድፉም ከበቂ በላይ ነበር። ጉዳዩ መጀመሪያ የፖለቲካ ጉዳይ ነበር፤ በንግግር ሊፈታ የሚገባውን ጥያቄ ክረምት ሳይገባ በአንድ ዘመቻ "ለመጨረሻ ጊዜ" እጨርሳለሁ ማለት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሁለተኛውና የከፋው ስህተት ደግሞ ስህተቱን የተናገረን ሰው ማጥፋት ነው። በዓሉ ግርማ ተናገረ፣ ጠፋ። ታሪኩ ዓይኔ ጥፋተኛ ተባሉ፣ ተረሸኑ። እውነት የሚናገረው ሰው ሲያልቅ መንግሥት የሚሰማው የራሱን ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ያ ድምፅ አፍአበት አደረሰው። ከዚያ ወዲህም በአገራችን ስንት ዘመቻ በሁለት ሳምንት ያልቃል፣ በአንድ ወር ያልቃል ተብሎ ሲታወጅ ሰማን! የሚያውጅ ሰው ሁልጊዜ አለ። ዳገቱን የሚወጣው ግን ሌላ ሰው ነው።

አንድ ነገር ለምኜ ላብቃ። የቀይ ኮከብ ዘማቾች ገና አልጠፉም። ያን ጊዜ የ20 ዓመት ጎረምሳ የነበረው ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ በየመንደራችሁ አለ፤ አንዳንዱ እግሩን ሳሕል ትቶ የመጣ ነው። ወዲያም ከመረብ ማዶ አቻው አለ። እንግዲህ አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ ጎረቤታችሁ ከሆነ ሄዳችሁ ጠይቁት። ክፍለ ጦሩን፣ የተዋጋበትን ተራራ፣ አጠገቡ የወደቀውን ጓደኛውን ስም ከነትውልድ መንደሩ ጻፉ። መንግሥት ያልቆጠራቸውን ሙታን እናንተ ቁጠሯቸው፤ መርዶ ላልደረሳት እናት ቤትም ወሬውን አድርሱ።